አፈር የቀቀለው ሰውዬ

አንድ ሰውዬ ጓሮው ውስጥ ጉልቻ ጎልቶ፣ በርሜል ጥዶ፣ አፈር ይቀቅላል።

ልድገመው፤ ከኋላ ያላችሁት ገና እየተቀመጣችሁ ነው። አፈር ይቀቅላል። ድንች አላልኩም፤ በቆሎም አላልኩም። ግማሽ በርሜል አፈር፣ ውኃ አፍስሶበት፣ ከሥሩ እንጨት እየማገደ፣ በረጅም ዱላ እያማሰለ ይቀቅላል። በአጥሩ ጥግ የሚያልፉ ሰዎች በእንፋሎቱ መሐል ያዩታል፤ ከዚያ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።

ምን ያሉ ይመስላችኋል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለይቶለታል» አሉ። አንዷማ «ጨው ጨምሮበት ይሆን?» ብላ ጠየቀች። ሰው እንዲህ ነው፤ በሌላው ሐዘን ላይ ቀልድ አያጣም።

ሰውየው ግን አላበደም። አውቀዋለሁ፤ እኩያዬ ነው። ለምን አፈር እንደቀቀለ ከነገርኳችሁ በኋላ አንዳችሁም አትስቁበትም።

ሌዳሞ ይባላል። አገሩ ሲዳማ ነው፤ ቡናና እንሰት በአንድ ጓሮ ጎን ለጎን የሚበቅሉበት አገር። ዕድሜውን ሙሉ በአንዲት የገጠር ክሊኒክ ድሬሰር ሆኖ ቁስል ሲያጥብ፣ መርፌ ሲወጋ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። የአገሩ ሰው «ዶክተር» ይለዋል። መጀመሪያ «ኧረ እኔ ድሬሰር ነኝ» እያለ ይከራከር ነበር፤ በኋላ ሰለቸውና ተወው፤ ከዚያ ሳይታወቀው ወደደው። አትሳቁ። እኔም ፓስተራችሁ «ሐዋርያ» ስትሉኝ የተቆጣሁት መጀመሪያ መጀመሪያ ብቻ ነው።

እሱ ሥራ በጀመረበት ዘመን መርፌ አንዴ ወግተው የሚጥሉት ነገር አልነበረም። ይቀቀላል። መርፌው ይቀቀላል፣ መቀሱ ይቀቀላል፣ ቁስል የሚጠረግበት ጨርቅ ይቀቀላል። ስለዚህ አንድ ነገር አጥንቱ ውስጥ ገባ፤ የተቀቀለ ነገር ሰው አይገድልም። ቤቱ ሲገባም ያው ነው። የሽንኩርት ቢላዋ ይቀቅላል፤ ማንኪያ ይቀቅላል። ሚስቱ አየለች «ይኼ ሰውዬ አንድ ቀን እኔንም በርሜል ውስጥ ይከተኛል» እያለች ትስቅበት ነበር።

አየለች ደግሞ የአፈር ሰው ነበረች። ጠዋት እጇ አፈር ነው፤ ማታ እጇ አፈር ነው። ከቤቱ ጀርባ በእጇ የተከለቻት አንድ አሮጌ ቡና ነበረቻት። በየዓመቱ ከሷ ቀይ ፍሬ ትለቅምና ችግኝ ታፈላለች። ችግኙን አትሸጠውም። ልጅ ለተወለደለት፣ አዲስ ጎጆ ለወጣ፣ ከሌላ አገር መጥቶ ለሰፈረ፣ ለሁሉም ታድላለች። በዚያ መንደር ቡና የሌለበት ጓሮ የለም፤ አብዛኛውም የእሷ ነው።

ብዙነሽ የምትባል ጎረቤት ነበረቻት። ጎረቤት ልበላት እንጂ እንደ እህቷ ናት። በሁለቱ ጓሮ መካከል ትንሽ በር ነበረች፤ ሁለቱ ሴቶች ቀኑን ሙሉ በዚያች በር ይመላለሳሉ። አንድ ክረምት ብዙነሽ ወገቧን አሟት ስትተኛ አየለች ጓሮዋን ልታርምላት ገባች። በአፈሩ ውስጥ የተቀበረ የዛገ ሽቦ መዳፏን ወጋት። ትንሽ ነገር ናት፤ የደም ጠብታ። በጨርቅ ጠቀለለችውና ብዙነሽን «ለሰውየው እንዳትነግሪብኝ፤ እጄን ሲያጥብ ይከርማል» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። ብዙነሽም አልናገርም ብላ ማለችላት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የአየለች መንጋጋ አልከፈት አለ።

ሌዳሞ በሽታውን ሲያየው አወቀው። ቴታነስ ነው። የስንቱን ሰው ልጅ ከሱ የሚያድን ክትባት ወግቷል! የገዛ ሚስቱን ግን «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲባባሉ ሳይከትባት ዓመታት አለፉ። የሐኪም ቤት ሰው ነገር እንዲህ ነው፤ የጫማ ሠሪ ልጅ ባዶ እግሩን እንደሚሄደው። ተሸክሟት ወደ ከተማ ሆስፒታል በረረ። አልሆነም። አረፈች።

ብዙነሽ በልቅሶው ድንኳን ውስጥ እያለቀሰች የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሌዳሞ ቀና ብሎ አያትና፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ያንቺ አፈር ነው የገደላት» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። ለቀስተኛው ሲበተን ያቺን ትንሽ በር በምስማር ቸነከራት።

ከዚያ ሲሚንቶ አስመጣ። ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ አለበሰው። እንሰቱ ተነቀለ፤ ጎመኑ ተነቀለ። አሮጌዋን ቡና ለመንቀል ግን እጁ እምቢ አለው፤ ግንዷ ድረስ በሲሚንቶ ከቧት ተዋት። ግቢው እንደ ክሊኒክ ወለል በውኃና በሳሙና ይታጠብ ጀመር። ንጹሕ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ንጹሕ ነው። ሣር እንኳ አይወጣበትም።

ወገኖቼ፣ እንፍረድበት እንዴ? የተጎዳ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? የጎዳውን የሚመስለውን ነገር ሁሉ ከደጁ ያስወጣል። ሌዳሞም ያደረገው ይኼንኑ ነው። አየለችን አፈር ወሰደበት፤ እሱም ከአፈር ጋር ተጣላ።

ቡናዋ ግን ከሲሚንቶ ሥር መተንፈስ አልቻለችም። አንድ ዓመት ጥቂት ቀይ ፍሬ ሰጠችና ቅጠሏን አራግፋ ደረቀች። ሌዳሞ የደነገጠው ያን ጊዜ ነው። በመንደሩ ሁሉ የአየለች ቡና አለ፤ በአየለች ቤት ብቻ ሊጠፋ ነው። ፍሬዎቹን ለቅሞ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አያቸው። እፍኝ አይሞሉም። እነዚህ ካልበቀሉ ሚስቴ ሁለተኛ ትሞትብኛለች ብሎ አሰበ።

ለዘር አፈር ያስፈልጋል። አፈር ደግሞ ጠላቱ ነው። ታዲያ ድሬሰር ሌዳሞ ጠላቱን ምን ያድርገው?

አያችሁ? እብደት አይደለም። ናፍቆትና ፍርሃት አንድ በርሜል ውስጥ ሲፈሉ ነው መንገደኛው ያየው።

አፈሩን በጆንያ ከወንዝ ዳር አስመጣ። ቀቀለው፣ አቀዘቀዘው፣ በትንንሽ ላስቲኮች ሞላው፤ በሁለት እጁ ጓንት አጥልቆ ዘሩን ተከለ። ዘሩም በቀለ! ቡና ሲበቅል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፍሬዋን በአናቷ ተሸክማ ነው ከመሬት ብቅ የምትለው። ሌዳሞ በየጠዋቱ በርጩማ ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥና «አየለች፣ ወጡልሽ» ይላል። ብቻውን ነው፤ ግን ጮክ ብሎ ነው የሚለው።

ከዚያ ቆሙ።

ከፍሬያቸው ይዘውት የመጡት ስንቅ እስኪያልቅ አደጉ፤ ስንቁ ሲያልቅ ቆሙ። ቅጠላቸው ገረጣ። ሌዳሞ ውኃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ አጠጣቸው። ምንም የለም። ማዳበሪያ ጨመረ፤ የቅጠላቸው ጫፍ ተቃጠለ። «አፈሩን በደንብ አላበሰልኩት ይሆናል» አለና ሌላ አፈር አብዝቶ ቀቀለ፤ ችግኞቹን ነቅሎ፣ ሥራቸውን አጥቦ አዛወራቸው። በዚያው ደርቀው የቀሩ ነበሩ። ሰውየው የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ፤ የሚያውቀው ደግሞ ማጽዳት ብቻ ነበር። በፈራ ቁጥር ያጸዳል፤ ባጸዳ ቁጥር ይሞቱበታል።

እንዲህ እያለ የተወሰኑ ችግኞች ብቻ ሲቀሩት አንዲት ልጅ በሩን አንኳኳች። ፌቨን ትባላለች፤ ለቀበሌው በቅርቡ የተመደበች የግብርና ባለሙያ ናት። በየቤቱ እየዞረች የሰውን ቡና ታያለች። ሌዳሞ በሩን ለማንም አይከፍትም ነበር፤ «ቡና ነው የማየው» ስትለው ግን ከፈተላት። የሚሞትበት በሽተኛ ያለው ሰው ሐኪም ደጁ ድረስ መጥቶለት አይመልስም።

ፌቨን ችግኞቹን ጎንበስ ብላ አየቻቸው።

«አባባ፣ አፈሩን ከየት አመጡት?»

«ከወንዝ ዳር ነው ልጄ። አትስጊ፣ ቀቅዬዋለሁ።»

«ቀቀሉት?»

«ሁለት ጊዜ! በሕይወት የቀረ አንድም ነገር የለበትም።»

ፌቨን አልሳቀችም። እግዚአብሔር ይባርካት፣ አልሳቀችም። ከሞቱት ችግኞች አንዷን ከላስቲኳ አውጥታ ሥሯን በጣቷ ገለጥለጥ አደረገችና «እሱ እኮ ነው ችግሩ አባባ» አለችው ቀስ ብላ። «በሕይወት የቀረ ነገር የለበትም።»

ከዚያ ከሱ ጋር ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብላ አስረዳችው። እኔም እሱ እንደነገረኝ ልንገራችሁ።

«አፈር ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ፣ በዓይን የማይታይ ክር አለ» አለችው። «ፈንገስ ነው።»

ሌዳሞ ፈንገስ ሲባል ክው አለ። ፈንገስ ማለት ለሱ በእግር ጣት መሐል የሚወጣ፣ ቅባት የሚታዘዝለት ነገር ነው።

«ይኼኛው ሌላ ነው፤ አይቆጡ። የቡናው ሥር ውስጥ ይገባል፤ ግን አይጎዳውም። እዚያ ሆኖ ክሩን ወደ ውጭ ይዘረጋል። ሥሩ ርቆ መሄድ የማይችልበት ይሄዳል፤ ሥሩ በማይገባበት ቀዳዳ ይገባል። ያገኘውን ውኃ፣ ያገኘውን ማዕድን ለቅሞ ለቡናው ያመጣለታል። ቡናው ደግሞ ዝም አይለውም። ቅጠሉ በፀሐይ ከሚሠራው ጣፋጭ ነገር ወደ ታች ያወርድለታል። ይጎራረሳሉ ማለት ነው አባባ።»

«ከመሬት በታች?»

«ከመሬት በታች። ድርቅ ሲመጣም ይኼ ክር ያለው ችግኝ ቶሎ አይጠወልግም። ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ሲመጣም ቦታው ተይዞ ስለሚጠብቀው እንዳሻው አይገባም። እርስዎ በሽታውን ልግደል ብለው ጠባቂውንም አብረው ገደሉት።»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ትሉ የለ? ይኼኛው ድር አንበሳ አያስርም፤ ችግኝ ያበላል። አንዳችንም አይተነው አናውቅም፤ ቡናውን ግን ስንጠጣው ኖረናል።

«ስሙ ማን ይባላል?» አለ ሌዳሞ።

«ማይኮራይዛ።»

የመድኃኒት ስም መሰለውና ነቃ አለ። «የሚዋጥ ነው የሚወጋ?»

ፌቨን ያን ጊዜ ሳቀች። «የሚታፈስ ነው! ከጤነኛ ቡና ሥር አፈር ያፍሱ፤ ቀጫጭኑ ሥርም ይኑርበት። ከዚያ በየችግኙ ዙሪያ አንድ አንድ እፍኝ ይጨምሩ። ደግሞ እንዳይቀቅሉት!» አለችና ቀና ስትል ከአጥሩ ማዶ ቅጠሉ ጠቁሮ የሚያብረቀርቅ ቡና አየች። «ያውልዎት፤ ከዚያኛው የተሻለ አያገኙም።»

የብዙነሽ ጓሮ ነው። ልጅቱ ለአገሩ አዲስ ናት፤ በምን ታውቃለች?

ሌዳሞ ፊቱ ተለወጠ። «እዚያ አፈር ውስጥ ገዳይ አለ» አላት።

«ሊኖር ይችላል አባባ» አለችው። «አፈር ነዋ። ጫማ ያድርጉ፣ ክትባትዎን ይከተቡ፣ ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠቡ። ግን የሚያሳድጋቸውም እዚያው አፈር ውስጥ ነው። አንዱን ለይቶ የሚቀቅል እሳት የለም።»

ይህን ብላ ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደች። ምን እንደተናገረች አላወቀችም። ብዙ ጊዜ እግዚአብሔር እንዲህ ነው የሚልከው፤ መልእክቱን የያዘው ሰው መልእክት መያዙን አያውቅም።

ሌላ ቡና አልነበረም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሞልቷል! የመንደሩን ሰው ሁሉ መጠየቅ ይችል ነበር። ወጥቶም ነበር። ወደ አንዱ ደጅ ሄዶ እጁን ለማንኳኳት አነሣና መለሰው። የሌላ ሰው አፈር ሲያስብ ልቡ እሺ አላለውም። አየለች ለመጨረሻ ጊዜ የነካችው አፈር የት ነው? ያን የሚያምር የብዙነሽን ቡናስ በእጇ የተከለችው ማን ናት? እሷው አይደለችም? ሸሽቶት የኖረው ቦታ ሁሉ ሚስቱ ያለችበት ቦታ ነበር። ይኼን ሲያውቅ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በቀብሯ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰም ነበር።

በማግስቱ ጓንቱን አጥልቆ፣ የታጠበ ሳህን ይዞ፣ ዙሪያውን በትልቁ መንገድ ዞሮ የብዙነሽ ደጅ ቆመ። ከአጥር እስከ አጥር አንድ ዝላይ ለሆነ ቤት ሰፈሩን ሁሉ ዞረ። አቋራጯን በር ቸንክሯታላ!

ብዙነሽ በሩን ከፍታ ስታየው የያዘችው ዕቃ ከእጇ ወደቀ።

«ዶክተር፣ ምን ሆኑ? አመመዎት እንዴ?»

 መርፌ ሊወጋ ስንቱን ሰው «አይዞህ፣ አያምም» ያለ አንደበት ታሰረ። ሳህኑን ዘረጋላት።

«አፈር... አፈር ፈልጌ ነው ብዙነሽ። ካንቺ ቡና ሥር። የአየለች ችግኞች ሊሞቱብኝ ነው።»

ብዙነሽ ሳህኑን አላየችውም። እሱን ነው ያየችው። «አፈር ልሁንልዎ» አለችና እዚያው ደጁ ላይ ማልቀስ ጀመረች። «እንዳልነግርዎት አስምላኝ ነው እኮ! እኔ ትሞታለች ብዬ መች አሰብኩ! በዚያን ቀን ነግሬዎት ቢሆን ብዬ ያልተነሣሁበት ጠዋት የለም።»

ሌዳሞ ራሱን ነቀነቀ። «እኔንም ስንት ነገር አስምላኛለች» አላት። «ለማንም አልናገርም ያልኳት ብዙ አለ። እሷን እምቢ የሚላት ማን ነበር?» ከዚያ ቀጠለ። «ክትባቱ በእጄ ነበር ብዙነሽ። ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ ነበር። አንቺ ላይ የጣልኩት የራሴን ነው።»

ገቡ። ብዙነሽ ከቡናው ሥር ተንበርክካ በእጇ ልትምስ ስትል «ቆይ፣ ቆይ፣ እጅሽን!» ብሎ ጮኸ። ድሬሰር ነዋ! ጓንቱን አወለቀና ለሷ አጠለቀላት። አንድ በአንድ፣ እንደ ልጅ፣ ጣቷን እያስገባ። ከዚያ ሳህኑን ይዞላት አጠገቧ ተንበረከከ። እሷ ታፍሳለች፤ እሱ ይቀበላል። ጥቁር፣ ርጥብ፣ ቅጠል ቅጠል የሚሸት አፈር። በመጨረሻ ግን አልቻለም፤ ባዶ እጁን ሳህኑ ውስጥ ከተተውና ዝም ብሎ ያዘው። ምን አሰብክ ብዬ ጠይቄዋለሁ። «እጇን የያዝኩ መሰለኝ» ነው ያለኝ።

ችግኞቹስ? ሁሉም ድነዋል ብል ደስ ይላችሁ ነበር፤ ግን አልዳኑም። ያለፉት አለፉ። የቀሩት ግን ሳምንታት ከፈጀ ዝምታ በኋላ አዲስ ቅጠል አወጡ። ከዚያ በጋው ገባ፤ ከባድ በጋ ነበር፤ የሰው ጎመን ሁሉ ጠወለገ። ሌዳሞ በየጠዋቱ እየፈራ ይወጣል፤ እነሱ ቆመዋል። ቀን ቀን ፀሐዩ ሲበረታ ለጥቂት ሰዓት ያዘነብላሉ፤ ማታ ቀና ይላሉ። ከሥራቸው የሆነ ነገር፣ የማያየው ነገር፣ ውኃ እያመጣላቸው ነበር።

ዝናቡ ሲመጣ ሌዳሞ ዲጂኖ ተዋሰና ሲሚንቶውን መስበር ጀመረ። ብዙነሽ ከማዶ ሆና የትንሿን በር ምስማር ትነቅላለች፤ ምስማሩ ዝጎ ስለነበር «እንዳይወጋሽ!» የሚለው ጩኸት መንደሩን ሁሉ አዳረሰ። በማግስቱ ደግሞ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። ሁለቱም ተከተቡ።

ይኼን ልብ በሉልኝ፤ ነገ ሄዳችሁ ፓስተሩ እጃችሁን አትታጠቡ አለን እንዳትሉ። ታጠቡ! ልጆቻችሁን አስከትቡ! ሌዳሞ አፈር አደገኛ ነው ማለቱ ስሕተት አልነበረም። አዎ፣ አደገኛ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። የቅርብ ሰው ይወጋል፤ ያውም ሳያስበው፣ ያውም እየሳቀ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተወጋችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በወንድማችሁ የተወጋችሁ አላችሁ። በዚህ ረድፍ ተቀምጣችሁ በዚያኛው ረድፍ ያለውን ሰው ላለማየት አንገታችሁን አንድ ወገን ብቻ የምታዞሩ አላችሁ። እኔ ከዚህ ከፍ ብዬ ስቆም ሁሉም ይታየኛል እኮ።

ታዲያ ምን አደረጋችሁ? ቀቀላችሁ። «ከእንግዲህ ማንም አይጎዳኝም» አላችሁ። ስልክ ቁጥሩን አጠፋችሁ፤ በዓል ሲመጣ አትጠያየቁም፤ ልጆቻችሁ የአጎታቸውን ፊት አያውቁም። ኑሯችሁ ንጹሕ ነው። ማንም አይረግጠውም፤ ማንም አያቆሽሸውም። ግን ልጠይቃችሁ፤ ከመቼ ወዲህ ነው አዲስ ቅጠል ያላወጣችሁት? ጸሎታችሁ የገረጣው ከመቼ ወዲህ ነው? ሳቃችሁ የቆመው ከመቼ ወዲህ ነው? ውኃ ጨመራችሁ፣ ማዳበሪያ ጨመራችሁ፣ ጾም ጨመራችሁ፣ ጉባኤ አበዛችሁ። አልበቅል አለ። እናንተ ሰነፎች ስለሆናችሁ አይደለም። ብቻችሁን ስለሆናችሁ ነው።

እግዚአብሔር አንድን ችግኝ እንኳ ብቻውን እንዲበላ አድርጎ አልሠራውም። ሥር ሰጠው፤ ሥሩን ግን አሳጠረው። ለምን አሳጠረው? ሌላው እንዲያጎርሰው። እሱም ሌላውን እንዲያጎርስ። እናንተ ዛሬ ቆማችሁ የምትሄዱት በራሳችሁ ሥር ብቻ ይመስላችኋል? ስማችሁን ይዛ በጓዳዋ የምትጸልይ አንዲት ባልቴት የለችም? ሳትነግሩት ችግራችሁን የሸፈነ፣ እስከ ዛሬም ያላወቃችሁበት ሰው የለም? ከመሬት በታች ያለውን አናየውም ወገኖቼ። ስለማናየው የለም እንላለን። ከዚያ በርሜላችንን እንጥዳለን።

ብዙነሽንም አትርሱብኝ፤ ከእናንተ መካከል ብዙነሽ የሆናችሁ አላችሁ። ሳታስቡት ሰው ጎድታችሁ፣ በሩ የተቸነከረባችሁ። «ከእኔ ምን ይፈልጋል? የኔ አፈር መርዝ ነው» ብላችሁ በራሳችሁ የፈረዳችሁ። ስሚኝ እህቴ፣ ስማኝ ወንድሜ፤ ያ ሰው የሚድንበት ነገር አንተ ደጅ ሊሆን ይችላል። መጥቶ ሲያንኳኳ «ዛሬ ምን አመጣህ?» አትበለው። ሳህኑን ሙላለት።

እናንተ ሌዳሞዎች ግን ሰውየው እስኪመጣ አትጠብቁ። አውቃለሁ፣ ከባድ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ነው መንገዱ፤ አቋራጩን የዘጋነው እኛው ነን። ቃላት አዘጋጅታችሁ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ይቅርታ ለማለት አንደበታችሁ ቢታሰር፣ እርዳታ ለምኑት። «አንተ ጋ ያለ ነገር ቸግሮኛል» በሉት። ከዚህ የበለጠ የዕርቅ ቃል እኔ አላውቅም።

አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። እኔ ስም አልጠራም፤ እናንተ ግን በልባችሁ የመጣውን ስም አታባርሩት። ንግግሬን ከጀመርኩ ጀምሮ ሲመላለስባችሁ የነበረው እሱ ነው። ቤቱን ታውቁታላችሁ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ከቤት አይጠፋም።

ሂዱ።